አረቄ ሻጯ በዳባቱ ስብሰባ

እማ ማሪቱ ደባርቅ ውስጥ ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ለጎረቤቶቻቸው ያወጉት ነው። ቃላቸው እንዳለ ተጽፏል።

በእኛ ዘመን ሴት አረቄ ብታወጣ ማንም ነውር አይላትም። ባሏ የሞተባት ሴት ምን ትብላ? ገሾ ትወቅጣለች፣ ብቅል ታበቅላለች፣ ድፍድፉን ትጥላለች፣ እሳቱን ታነዳለች፣ ልጇን ታሳድጋለች፤ እንዲያውም "ጎበዝ ናት፣ እጇ ያውቃል" ትባላለች። ነውሩ የቀመሰች ጊዜ ነው። እና እኔ ቀመስኩ። አይ፣ ቀመስኩ ማለትስ ውሸት ነው፤ ጠጣሁ። ስሙኝ፣ ዛሬ ልናገር ብያለሁና አታቋርጡኝ፤ ካቋረጣችሁኝ አፍሬ እተወዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አረቄ ሲወጣ አውጪዋ መቅመስ አለባት፤ ጠንክሯል ወይስ ቀጥኗል ብላ። ከመቃው ጠብ ጠብ ሲል በመለኪያ ትቀበልና ጎንጨት ትላለች። ታዲያ እኔ መጀመሪያ ለሙያው ቀመስኩ፣ ቀጥሎ ብርድ ነው ብዬ ቀመስኩ፣ የደባርቅን ብርድ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ቀጥሎ ደግሞ ልጄን ዓለሙን ለውትድርና ወሰዱብኝ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ፣ አንድ። እና እሱ ከሄደ በኋላ መለኪያው ቀረና በጣሳ ሆነ። ሰው ሲመጣ "ምን እየጠጣሽ ነው?" ቢለኝ "ውሃ" እላለሁ። ውሃ የሚሸት ይመስል! ሰዉም "ውሃ ነው" ይለኛል፣ ፊቱን አዞር አድርጎ። ሁሉም ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ።

እንግዲህ የከፋውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ በቀን እኮ ነው፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቦዩ ዳር ወደቅሁ። ነጠላዬ ጭቃ ሆኗል፣ ሻሼ ወልቋል፣ ለመነሳት ስሞክር እግሬ አይታዘዘኝም። ጆሮዬ ግን ይሰማል። ሰካራም አይሰማም ያላችሁ ማነው? ይሰማል! እና የጦር መኪና መጥቶ ቆመ፣ ወታደሮች ዱብ ዱብ እያሉ ወረዱ። አንዱ፣ ደግ ልጅ ነው መቼም፣ ድምፁ የሩቅ አገር ሰው ድምፅ ነው፣ "ኧረ እኚህን እናት እናንሳቸው!" አለ። ቀጥሎ ደግሞ "ዓለሙ፣ አገርህ አይደል እንዴ፣ ታውቃቸዋለህ?" አለ። እኔ ዓለሙ ሲል ስሰማ ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ፤ አይ፣ መግለጥስ እችል ነበር፣ ፈራሁ። እና የልጄ ድምፅ መጣ፤ "አላውቃቸውም" አለ።

አላውቃቸውም! ልብ በሉ፤ በአንቱታ። አንቺ ሲለኝ ያደገ ልጅ፣ ጡቴን ጠብቶ ያደገ ልጅ፣ እንደ ባዕድ አክብሮ "አላውቃቸውም" አለኝ። ያ ደጉ ልጅ ከቦዩ ፈቀቅ አደረገኝና ሁሉም ተመልሰው ተሳፈሩ፣ መኪናውም ወደ ሊማሊሞ ቁልቁለት ሄደ። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ታዲያ ያን ቀን የተውኩት ይመስላችኋል? አልተውኩም። ቤቴ ገብቼ ደግሞ ጠጣሁ። ይህን የምላችሁ እንድታውቁት ነው፤ ሰው "ልቡ ከተነካ ይተዋል" ይላል። ልቤ ተነክቶ ነው የጠጣሁት!

አሁን ወደ አያ ወንድይፍራው ልምጣ። አያ ወንድይፍራው በቅሎ ነጂ ነበር፤ ወደ ጨነቅ ወደ ጊች ጭነት የሚያመላልስ፣ ረጅም፣ ጉንጩ የገባ ሰው። ደንበኛዬ ነው። ከመንገድ ሲመለስ በቅሎዋን ሳያራግፍ መጀመሪያ እኔ ቤት ይገባል። ያ ሰው ድንገት ጠፋ። እኔ ምን አሰብኩ? ሌላ አረቄ ቤት ገባ አልኩ። ተናደድኩ። አንድ ቀን ገበያ መሐል ያዝኩት።

"የማን ቤት ነው የገባኸው? የኔ አረቄ ምን ጎደለው?" አልኩት፣ ሰው እየሰማ።

እሱ መሬት መሬት እያየ፣ "የማንም ቤት አልገባሁም፣ ማሪቱ። ትቻለሁ" አለኝ።

"ምኑን?"

"አረቄውን።"

"ምን ነካህ? ታመምክ?"

"ታምሜስ የነበረው ያኔ ነው" አለኝ። "ዳባት ሰዎች አሉ፣ እንደኔ ያሉ። በገበያ ቀን እንቀመጥና እንነጋገራለን።"

"ማኅበር ነው?"

"እንደ ማኅበር ነው።"

"ታዲያ ጠላውን ማን ይጠምቃል?"

"ጠላ የለውም።"

"ጠላ የሌለው ማኅበር!" ብዬ በሳቅ ፈረስኩ። ገበያተኛውም አብሮኝ ሳቀ። እሱ የበቅሎውን ልጓም ይዞ ሄደ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ ከኔ ጋር አልገባም። ተቀመጥኩና "እንደኔ ያሉ" ያላት ነገር አልወጣልኝ አለች። እንደኔም ያሉ አሉ ማለት ነው?

እና ሰንበትበት ብዬ በቅሎ ከሚያስርበት ሄድኩ፤ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ። "አያ ወንድይፍራው" አልኩት፣ "አንዲት ጎረቤት አለችኝ፣ መጠጥ አስቸግሯታል፣ ያን ያልከኝን ቦታ እንድነግራት ብዬ ነው።"

ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም። እኔ ገበያ መሐል ስቄበት እሱ አልሳቀብኝም። "ሴት ናት?" አለኝ።

"ሴት ናት።"

"ሴት የለንም እስካሁን። ግን ትምጣ። ማልዳ መኪና ማቆሚያው ጋ ትጠብቀኝ፣ እኔ አደርሳታለሁ።"

በገበያው ቀን ማልጄ ሄድኩ። ከመሄዴ በፊት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነጠላ መልበስ አቅቶኝ አንድ ጉንጭ ጠጥቼያለሁ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። እሱ ብቻዬን ሲያየኝ "ጎረቤትሽስ?" አለኝ። "ቀረች" አልኩት። "ግድ የለም፤ አንቺ ሄደሽ ሰምተሽ ትነግሪያታለሽ" አለኝና እህል በጫነ መኪና ላይ አሳፈረኝ። ዳባት እስክንደርስ እኔ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ከጆንያው ላይ ተኮራምቼ፣ "ምነው ይህ መኪና በተበላሸ" እያልኩ እጸልይ ነበር።

የሚሰበሰቡት ከገበያው ጀርባ፣ የመሠረተ ትምህርት ዳስ ውስጥ ነው። ያ ዘመን መቼም ታውቃላችሁ፣ እናንተ እንኳ አታውቁትም፣ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ "ምን እየመከራችሁ ነው?" የሚባልበት ዘመን ነው። ታዲያ አቶ ላቀው የሚባሉ ሰው በዳሱ ፊደል ያስተምራሉ፣ ተማሪው ከወጣ በኋላ እነዚህ ይገባሉ፣ ሰሌዳው ላይ ሀ ሁ ተጽፎ ይቀራል፤ የመጣ ቢመጣ ፊደል እየቆጠርን ነው ይባላል።

ገባሁ። ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ወንዶች፣ መሐላቸው አንድ ገበታ የገብስ ቆሎ፣ አንድ ቅል በሶ። አቶ ላቀው ብድግ ብለው ተቀበሉኝ፣ ለኔ! "ይግቡ እመቤቴ፣ ኖር" አሉኝ። እና እንዳልፈራ ብለው ነው መሰለኝ መጀመሪያ ስለራሳቸው ተናገሩ። "እኔ ሐኪም ቤት ድሬሰር ነበርኩ፣ ቆላ ውስጥ። ለቁስለኛ ማጠቢያ የመጣውን አልኮል የጠጣሁ ሰው ነኝ። ቁስለኛው ይጮሃል፣ እኔ እጠጣለሁ። ተባረርኩ፣ ደግም አደረጉ። ዛሬ አልቀመስኩም። ነገን አላውቅም።" እንዲህ ብለው ተቀመጡ። እኔ እንዲህ ያለ ነገር በአደባባይ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ለንስሐ አባት እንኳ በሹክሹክታ ነው።

ልናገር አፌን ስከፍት አንዱ ከጥግ "ይችን ማን አመጣት?" አለ።

ዞር ብዬ አየሁት። አያ ድረስ ነው። አያ ድረስ የጊች ሰው፣ ገብስ ሊሸጥ ደባርቅ ሲመጣ እኔ ቤት የሚያመሽ። የመጨረሻ ጊዜ የመጣ ዕለት መሽቶበት፣ ሰክሮ፣ "በቃህ" ማለት ሲገባኝ ደግሜ ቀዳሁለት፤ መንገድ ላይ ወድቆ ውርጭ የእግሩን ጣቶች በላቸው። ከዚያ ወዲህ ማረስ አልቻለም፣ ዳባት እህቱ ጋ ተጠግቶ ይኖራል። እኔ ወሬውን ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ልጠይቀው አልሄድኩም። እና አሁን ፊት ለፊቴ ተቀምጧል፣ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ።

"ልትሸጥልን ነው የመጣችው?" አለ። "እዚህም ደንበኛ ልትፈልግ? እሷ ካለች እኔ እወጣለሁ።"

አያ ወንድይፍራው "እሷም እንደኛ ናት፣ ድረስ" አለው። ያኔ ነው ተገለጥኩ ማለት፤ ጎረቤቴ የለች፣ ምን የለች። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

አያ ድረስ "እንደኛ ከሆነች አንድ ነገር ልጠይቃት። ጋንሽን ሰብረሻል?" አለኝ።

"አልሰበርኩም።"

"ዛሬም ቤትሽ አረቄ አለ?"

"አለ።"

"እንግዲያ ሰብረሽ ነይ" አለና ፊቱን አዞረ።

አቶ ላቀው "ቀስ በል፣ ሴትዮዋ እኮ እንጀራዋ ነው" አሉ። እሱ ግን "የኔም እግር እንጀራዬ ነበር" አለ።

ቤቴ ተመለስኩ። ድንጋይ አነሳሁ፣ ጋኑ ፊት ቆምኩ፣ እጄ እምቢ አለ። አረቄውን ብተው ምን ልበላ ነው? ታዲያ እዚያ ማዶ ያለች ሴት፣ ነፍሷን ይማር፣ "ልትሰብሪው ከሆነ ለኔ ሽጭልኝ" አለችኝ። ሸጥኩላት። ጋኑንም፣ ማሰሮውንም፣ መቃውንም። እና በሚቀጥለው ገበያ ዳባት ሄጄ "ሰበርኩት" አልኩ። ተቀበሉኝ። ቆሎ አዘገኑኝ። አያ ድረስ እንኳ "እግዜር ያጽናሽ" አለኝ። ያን ቆሎ እንዴት እንደዋጥኩት!

ከዚያ ወዲያ እመላለሳለሁ፣ አልጠጣም፣ ውሸቴን ግን አላወጣሁም። ሁሉም ተራው ሲደርስ ይናገራል፣ እኔ ተራዬ ሲደርስ "ደኅና ነኝ" ብዬ አልፋለሁ። አንድ ቀን ግን አያ ድረስ በሶውን ሲቀዳልኝ፣ በዚያ እግሩ እያነከሰ መጥቶ ሲሰጠኝ፣ አልቻልኩም። "አልሰበርኩትም! ሸጥኩት! ይኸው አሁን ማዶ እሳት ላይ ነው!" ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት። ለቅሶ ብቻ ነው? ዋይታ ነው እንጂ! እና ልክ በዚህ መሐል በሩ ላይ የቀበሌው ካድሬ ብቅ አላለም?

ወጣት ነው፣ ካኪ የለበሰ፣ እጁን ወደ ኋላ ያጣመረ። "ምን ስብሰባ ነው?" አለ። አቶ ላቀው ጠመኔ ከመሬት አነሱና "ጓድ፣ ፊደል ነው" አሉ።

"ታዲያ እኚህ ሴት ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?"

አቶ ላቀው ዞር ብለው አዩኝ፣ ሰሌዳውን አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ። "ጓድ፣ ጰ አልገባት ብሎ ነው" አሉ።

ካድሬው አዘነልኝ! እውነቴን ነው፣ ከልቡ አዘነልኝ። ጎንበስ ብሎ "አይዞዎት፣ ጓዲት። ጰ ለሁሉም ከባድ ናት፤ እኔም ተቸግሬባት ነበር" አለኝ። ሊወጣ ሲል ግን ቆመና "ሌላ ጊዜ መጥቼ አስነብብዎታለሁ" ብሎኝ ሄደ።

እኔ ማንንም ማየት አፈርኩ። መጀመሪያ የሳቀው ማን ይመስላችኋል? አያ ድረስ! "ጰ!" አለና ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ፣ ከዚያ ሁላችንም። ሳቁ ሲበርድ ዓይኑን ጠርጎ "ሴትዮ፣ ውሸትሽ አስቀይሞኛል" አለኝ። "ግን እኔም እህቴን ስንቴ ዋሽቻታለሁ። ሂጂና መልሰሽ ግዢው፣ እኔ መጥቼ አየዋለሁ።"

ለምኜ መልሼ ገዛሁት። ሴትዮዋ ሰደበችኝ፣ "ወይ አትሸጪ ወይ አትግዢ" ብላ። እና አያ ድረስ እስከ ደባርቅ መጣ፣ አያ ወንድይፍራው በበቅሎው ጭኖ አመጣው። እቤቴ ገባ፤ ያ ያኔ ሰክሮ የወጣበት ቤት ነው። መቃውን አነሳና በጉልበቱ ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ማሰሮውን ወደ ውጭ ወረወረው። ጋኑ ጋ ሲደርስ ግን ቆመ፣ በጣቱ ቆርቆር አደረገው፣ እንደ ገበሬ። "ይህን የመሰለ ጋን ይሰበራል እንዴ?" አለ። "እጠቢው፣ እጠኚው። ወንድሜ ከጊች ገብስ ይልካል። ቆሎና በሶ እያልሽ ሽጪ።"

እኔ እግሩ ላይ ወደቅሁ። "ተነሽ፣ እግሬን ያመኛል" አለኝ። በቃ፣ ይህን ብቻ። ማረኝ ብዬው ማርኩሽም አላለኝም፤ ገብሱ ግን መጣ። በዚያ ገብስ ነው የኖርኩት። ፊደሉንም በዚያው ቆጠርኩ፤ ካድሬው ይመጣል ብለን ፈርተን! እሱስ ተመልሶም አልመጣ። ሌላው ሰው በዘመቻ ፊደል ቆጠረ፣ እኔ በስካሬ ቆጠርኩ።

ዓለሙ ክንዱን ቆስሎ ተሰናብቶ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በር ላይ ቆመ። ቤቱን በዓይኑ ዞረ፣ የለመደው ሽታ ጠፋበት። እኔ በሶ በጥብጬ ሰጠሁት። ጎንጨት አለና "እማዬ፣ ያን ቀን መኪና ማቆሚያው ጋ..." አለ።

"የቱን ቀን?" አልኩት። አውቄ ነው።

"ታውቂዋለሽ።"

"ልጄ" አልኩት፣ "ያን ቀን ለኔም መስታወት ቢያሳዩኝ አላውቃትም እል ነበር።"

አቀርቅሮ "ጨው ጨምሪበት" አለኝ። ጨምሪበት! አንቺ አለኝ እኮ፣ ሰማችሁ? ጓዳ የገባሁት ጨው ላመጣ ነው፣ ግን ቶሎ አልወጣሁም።

እንግዲህ መልካም መልካሙን ሰማችሁ። ይህን ሁሉ ያወራሁት ግን ለዚህ አይደለም፣ የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። አያ ወንድይፍራው ወደ አረቄው ተመለሰ። መንግሥት ሊለወጥ ሲል፣ መንገዱ ሁሉ ጦርነት ሆኖ ገበያ ስንቀር፣ ዳባትም መሄድ ሲቀር፣ ብቻውን ሆነና ተመለሰበት። ሄጄ ለመንኩት። "አንቺ ሂጂ ማሪቱ፣ አንቺ እንኳ ትረፊ" አለኝ። በክረምቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ ሰዉ ቆሞ "ሰካራም ነበር፣ ምን ይደረግ፣ ሰካራም ነበር" ይላል። አንዲት ሴት አጠገቤ ቆማ "በቅሎዋ ከሱ ትሻል ነበር" አለች፣ ሰው ሳቀ። እኔ አውቃለሁ፤ እኔን ከአረቄ ያወጣኝ እሱ ነው፣ የጎረቤቴን ውሸት ሳይስቅ የሰማኝ እሱ ነው። ይህን ልናገር ይገባኝ ነበር። ግን ብናገር "አንቺንስ ከምን አወጣሽ?" እንዳይሉኝ ብዬ አፌን በነጠላዬ ይዤ ዝም አልኩ። አፈር ሲመለስበት ዝም አልኩ። መውደቄን ያየ ሁሉ አይቶታል፣ እሱ አልፏል። ይኸኛው ዝምታ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ሰው ሞቶ መሰደቡን እየሰሙ ዝም ማለት ከስካር ይብሳል፤ ሰካራምስ ሲነጋ ይበርድለታል። እንግዲህ ይኸው ተናገርኩ። አያ ወንድይፍራው ሰው ነበር።

(ከእማ ማሪቱ ቀጥለው የተቀመጡት አሮጊት፣ እትዬ የሺ፣ ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሉ፦)

"ማሪቱ፣ በቅሎዋ ትሻል ነበር ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ እቴ" አሉ እማ ማሪቱ። "ስምሽን ያልጠራሁት እንዳታፍሪ ብዬ ነው።" ብለው ሳቁ። እትዬ የሺ ግን አልሳቁም።